ማደስ ስለ ምን?

እግዚአብሔር ሰው በወደቀ ጊዜ ሌላ አዲስ ፍጥረት ፈጥሮ ሊተካው ሲችል፥ ስለ ምን ያንኑ የተበላሸውን ባሕርይ ተዋሕዶ ማደስን መረጠ? ይህ ጥያቄ በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ብቻ የሚነሣ ሳይሆን፥ በእጁ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚገጥመው ጥያቄ ይመስለኛል። ከሁሉም ይልቅ ለብስክሌት ጠጋኝ ይቀርበዋል፤ በእጁ የሚገባው የፊት ሞዞ፥ ማለት የመንኰራኵሩ ሽቦዎች ሁሉ የተሰኩበት እምብርት፥ ከአንዲት ትንሽ ክፍል በቀር ፍጹም ጤናማ ሆኖ ሳለ፥ ያች ክፍል በገበያ ስለ ታጣች ብቻ ይጣል ተብሎ የሚፈረድበት ጊዜ ብዙ ነውና።

የሞዞው ውስጥ ሥርዓት ያለው ነው። በመካከሉ የማይዞር ዘንግ ያልፋል፤ በዘንጉ በቀኝና በግራ ኮን የሚባል ሾጣጣ ብረት በጥርሱ ተጠምዝዞ በዳዶ ይታሰራል፤ ከውጭ ደግሞ ከሞዞው አካል ጋር የተጣበቀ ጽዋ መሰል ጎድጓዳ ይከበዋል። በሁለቱ መካከል በየወገኑ፥ ብዙውን ጊዜ 10፥ ውፍረታቸው የኢንች 3/16 የሆነ የብረት ኳሶች በግራሶ ተውጠው ይሽከረከራሉ። ጽዋው ከመንኰራኵሩ ጋር ስለሚዞር ሸክሙን በዙሪያው ሁሉ ተካፍሎ ይቀበላል፤ ኮኑ ግን ከዘንጉ ጋር ቆሞ ስለሚውል፥ የነጂው ክብደትና የመንገዱ ንዝረት ዘወትር በታችኛው ጎኑ በአንድ ስፍራ ያርፍበታል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚበላው እርሱ ነው፤ ለስላሳ የነበረው ገጹ ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ፊት ይጎደጉዳል። ሠሪው ይህን አስቀድሞ አውቆ ኮኑን የሚፈታና የሚተካ አድርጎታል፤ በዚህም ታናሹ ክፍል ለታላቁ ቤዛ ሆኖ ይጠፋ ዘንድ ወስኗል። ይህን ሥርዓት በተመለከትሁ ቍጥር የሠሪውን አሳቢነት አደንቃለሁ።

ነገር ግን ይህ ሥርዓት የሚጸናው ምትክ ኮን እስከ ተገኘ ድረስ ነው። ፋብሪካው የቀድሞውን ሥራ ትቶ ሌላ ዓይነት ባወጣ ጊዜ፥ ጠጋኙ ከቀሩት አሮጌዎች መካከል አምሳያውን ሊፈልግ ይገደዳል፤ ፍለጋውም ቀላል አይደለም፤ የአንዱ ዘንግ ከጥርስ እስከ ጥርስ ርቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ የሌላው በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ የተቈረጠበት ነውና፥ ሁለቱ ለዓይን አንድ ቢመስሉም የማይስማማው ኮን ጥቂት ዙር ከገባ በኋላ ይነክስና ዘንጉን ያበላሻል። በአዲስ አበባ በመርካቶ፥ ምን አለሽ ተራ ገብቶ ከተጣለ ሞዞ የሚስማማውን የሚያወጣ ሰው ትዕግሥቱ ሊመሰገን ይገባል። ያም ከታጣ በቶርኖ ማስቀረጽ ይቻላል፤ ብረቱ ግን በእሳት ግሎ በዘይት ተነክሮ ካልጠነከረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እስከዚያው ለጊዜው የሚረዳው፥ ዘንጉን በሹካው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ ያልተበላውን የኮኑን ጎን ወደ ታች ማድረግ ነው። ኳሶቹ ግን ሁሉም በአንድነት ይለወጡ፤ አንዲት አዲስ ኳስ ከተበሉት መካከል ብትገባ በጥቂቱ ስለምትበልጣቸው ሸክሙን ሁሉ ለብቻዋ ትሸከማለችና።

ይህን ሁሉ ድካም ስለ ምን? አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በ4ኛው መቶ ዓመት ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፥ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በደረሰው ድርሳን፥ በገበታ ላይ የተሣለ መልክ በእድፍ ቢጠፋ ገበታው እንደማይጣል፥ ይልቁንም ባለ መልኩ ዳግመኛ መጥቶ በዚያው ገበታ ላይ እንደሚሣል ያስረዳል። ሠሪ የሠራውን ሲጠፋ እያየ ቸል ቢለው፥ ከጥንቱም ባልሠራው ይሻል ነበር ማለቱም ነው። በዚህ ነገር የሚገለጠው የፍጥረቱ ብቃት ሳይሆን የሠሪው ቸርነትና ታማኝነት ነው። እንግዲህ ሞዞ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው፥ አካሉ ለብዙ ዘመን እንዲጸና አድርጎ ሲያበቃ ኮኑን መሥራት ቢተው፥ ለገዛ ሥራው ታማኝ አልሆነም ብዬ እፈርዳለሁ።

አዲስ መንኰራኵር መግዛት ከጥገናው ድካም ይረክሳል የሚል አይጠፋም። ስለ ገንዘቡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዋጋ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የእኛም መታደስ በዚያ ሚዛን ባልጸደቀ ነበር። ይህን ስል ሁሉ ይጠገናል ማለቴ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 18 የተበላሸው ጭቃ በሸክላ ሠሪው እጅ ዳግመኛ ሲሠራ አይቷል፤ በምዕራፍ 19 ግን የተሰበረው ገንቦ ሊጠገን የማይችል ሆኗል። እንደዚሁም ሽቦዎቹ በተሰኩበት ከንፈር ላይ የተሰነጠቀ ሞዞ የሰው ሕይወት የሚያስጠፋ ነውና ያለ ጸጸት ይወገድ፤ ለብረት መራራት በነጂው ላይ መጨከን ሊሆን አይገባም።

አንባቢ ሆይ፥ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቀው ይመልከቱ፤ ቢወዛወዝ ወይም ሲዞር ቢያንገራግር ሞዞውን ሳይውሉ ሳያድሩ ያስፈቱ። ጉዳቱ በኮኑ ላይ ሳለ መድኃኒት አለው፤ ወደ ጽዋው ከተሻገረ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተካ ነገር አይገኝም።