ከወንዙ በላይ የቆመ ሰው ዕዳ

ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ሊጠጡ ወረዱ ይባላል። ጅቡ ከላይ፣ አህያዪቱ ከታች ቆመው ሳሉ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ቢቆጣት፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው። በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ተረት ባስታወስን ቁጥር ራሳችንን በአህያዪቱ ቦታ እናቆማለን። ያለ ምክንያትም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2008 በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በመጤዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ የአገሩ ጉድለት ሁሉ በእንግዳው ላይ ሲላከክ አይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከወንዙ በላይ የቆምነው እኛ በሆንን ጊዜ፣ ከታች ለሚጠጣው ሰው ምን ዕዳ አለብን?

ኦሬንጅ ፋርም ከጆሐንስበርግ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ መጠለያ ያጡ ሰዎች በቆርቆሮ ቤት የቆረቆሩት ሰፈር ነው። «ሎኬሽን» ብለን በምንጠራቸው በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ብዙ ወገኖቻችን ሱቅ ከፍተው እንጀራቸውን ያገኛሉ። የሰፈሩ ዝናብ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቫል ወንዝ ይወርዳል፤ ቫልም ከኦሬንጅ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን በመንገዱ ያሉ ከተሞች ይጠጡታል።

በዚህ አገር የፍሳሽ ቧንቧና የዝናብ መውረጃ ቦይ የተለያዩ ናቸው። ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ እንዲሄድ ሲታሰብ፣ መንገድ ያጠበው ዝናብ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ጅረት ይገባል። ዝናቡ የሚጀምረው የአገራችን ክረምት ካለፈ በኋላ በጥቅምት ነው፤ በደረቁ ወራት የተከማቸውንም ሁሉ የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ ይወስደዋል። ከሱቃችን የወጣው ፌስታል፣ በየደጁ የተደፋው እጣቢና የመኪና ዘይት፣ ቧንቧ ተደፍኖ ሲገነፍልም የሰው ዓይነ ምድር አብረው ይወርዳሉ። ማንም ወንዙን ልበክል ብሎ አልተነሣም፤ ወንዙ ግን ተበከለ። የቀበናን ወንዝ የምናውቅ የአዲስ አበባ ልጆች ጅረት እንዴት እንደሚሞት የሚነግረን አያሻንም።

እንግዲህ አድራጊው ያልታወቀ በደል እንዴት ይታረማል? መልሱ፣ የማይታየውን እንዲታይ በማድረግ ይመስለናል። በክዋዙሉ ናታል፣ በሐዊክ ከተማ አጠገብ ባለችው የምፖፖሜኒ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ገደማ ጀምሮ ከነዋሪው መካከል የተመለመሉ ሰዎች ለዚህ ሥራ ሠልጥነዋል። በየመንገዱ እየዞሩ የገነፈለውን የፍሳሽ ጉድጓድ ይመዘግባሉ፤ ለባለሥልጣኑ ያስታውቃሉ፤ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱም ጎረቤታቸውን ያስተምራሉ። የውኃውን ጥራት በአንድ ሜትር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይለካሉ። ከጅረቱ ድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ጥቃቅን ፍጥረታት በ13 ወገን ከፍለው ይመረምራሉ፤ ንጹሕ ውኃ የሚሹት ጠፍተው ትልና አልቅት ብቻ ከቀሩ ጅረቱ መታመሙን ያውቃሉ። ይህን ለመማር የዩኒቨርሲቲ ደጅ መርገጥ አያስፈልግም። የተማረ ሰው ግን ከዚያ በኋላ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም፤ ሥልጠናው ከእጅ ይልቅ ኅሊናን የሚያነቃው ስለዚህ ነው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለምን?» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ቫል በተበላሹ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ምክንያት መበከሉን ገልጾ የመንግሥት አካላትን ተጠያቂ አድርጓል። ድኻው በነጻ ጉልበቱ የሹሙን ዕዳ ይክፈል አንልም። ነገር ግን ቀንና ቦታ ለይቶ የመዘገበ ጎረቤት ሲኖር ሹሙ የሚያመካኝበት ያጣል።

«ላልተቀበለን አገር ስለ ምን እንጎነበሳለን?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ይልቁን ያማል፤ ሱቁ የተዘረፈበትን ወንድም በቃል ብቻ ልናጽናናው አንደፍርም። ሆኖም ነቢዩ ኤርምያስ ለባቢሎን ስደተኞች በላከው መልእክት፣ የተማረኩባትን ከተማ ሰላም እንዲሹ ነግሯቸዋል፤ ከተማዪቱ እስክትወዳቸው ጠብቁ አላላቸውም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም የጠራውን ጠጥተው የቀረውን በእግራቸው ያደፈረሱትን በጎች ገሥጿል። የአገሪቱ የ1996 ሕገ መንግሥት በ24ኛው አንቀጽ ጤናን የማይጎዳ አካባቢ የማግኘትን መብት የሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። በመብቱ እንግዳ ካልሆንን፣ በግዴታው እንግዳ ነን ልንል አይገባም።

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ውኃ ባርከን እንረጫለን፤ ያም ወቅት በዚህ አገር ቦዮቹ ሞልተው የሚወርዱበት ነው። የባረክነውን ፍጥረት በማግሥቱ በቆሻሻችን ብናስነውር ጸሎታችን ምን ይሆናል? ስለዚህ ባለሱቆቻችን ዝናብ ሳይመጣ በደጃቸው ያለውን ቦይ ይጥረጉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቻችንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር፣ መሪነቱን ለባለ አገሮቹ ትተው፣ አብረው ይሠልጥኑ። ምስጋና ባናገኝ እንኳ ከታች ያለው ሰው ንጹሕ ውኃ ይጠጣል።

ጅቡ ከላይ ቆሞ ከታች ያለችውን ከሰሰ። እኛ ከላይ በቆምንበት ሁሉ አስቀድመን እግራችንን እንድንመለከት አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።