ዝም ያለ ሁሉ ትሑት ነውን?

ዐምና በሁለተኛው ሴሚስተር ለታመመ ጓደኛችን መታከሚያ ያዋጣነው ገንዘብ ከመኝታ ክፍላችን ጠፋ። ገንዘቡ የነበረው እኔ ሎከር ውስጥ ነው፤ ቁልፉም በእኔ እጅ። እንግዲህ ጥርጣሬው ወዴት እንደዞረ መናገር አያሻም። አንዱ ልጅ ፊት ለፊት «በላሃት አይደል?» አለኝ። የቀሩት የሱን ያህል እንኳ ድፍረት አጥተው እኔ ስገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር።

እኔም ዝም አልኩ። ክርስቶስ በጲላጦስ ፊት ዝም ብሎ የለም ወይ? እያልኩ ማታ ማታ «ይቅር በላቸው» ብዬ እጸልያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ ደስ ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ትንሽ ሰማዕት ተመላለስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጥርጣሬው ከእኔ ላይ ተነሥቶ ፎቃችንን በሚያጸዱት እናት ላይ ዐረፈ። ፕሮክተሩ ጠርተው መረመሯቸው፤ ወደ ሌላ ሕንፃም ተዛወሩ። እኔ ግን አንድ ነገር ዐውቅ ነበር። ቅዳሜ ማታ ገንዘቡን ቆጥሬዋለሁ፣ ሙሉ ነበር። እሑድ ጠዋት ቁልፉን ትራሴ ሥር ረስቼ ቅዳሴ ሄድኩ። ማታ ሎከሩን ስከፍት ባዶ ነው። እሳቸው ደግሞ እሑድ ሥራ አይገቡም! ይህን በመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ ማንም ስማቸውን ባላነሣ ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ በእኔ ዝምታ የገባው ግን ከዝንብ የከፋ ነው።

ለመሆኑ ሃይማኖታችን በሐሰት የተከሰሰ ሁሉ ዝም ይበል ይላል? ያው ክርስቶስ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ጥፋቱ ምን እንደሆነ እንዲነገረው ጠይቋል። የዝምታ ምሳሌ የምናደርገው ዮሴፍም ወኅኒ ቤት ሳለ ለጠጅ አሳላፊው ምንም በደል እንዳልሠራ ነግሮታል። ጳውሎስማ እስከ ቄሣር ይግባኝ ብሏል።

ሁለት የግብፅ አባቶችን ላነጻጽር። ታላቁ መቃርስ በወጣትነቱ አንዲት ልጃገረድ ከሱ አረገዝኩ ብላ ብትከሰው መንደርተኛው ደበደበው። እሱ ግን አልተከራከረም፤ ይልቁንም አንድ አፍ ተጨመረብኝ ብሎ ቅርጫት እየሠራ ዋጋውን ላከላት። በኋላ ምጥ ጸንቶባት ራሷ እውነቱን አወጣች። አትናቴዎስ ደግሞ በ335 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በጢሮስ ጉባኤ አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ቆርጧል ተብሎ ተከሰሰ። እንደሚተረከው፣ አርሳንዮስን በሕይወቱ አስገብቶ፣ አንዱን እጅ ከገለጠ በኋላ ሁለተኛውን ገለጠና፣ ሦስተኛው የት እንደነበረ ከሳሾቹን ጠየቃቸው። (ለእኛ አባ ሰላማን የሾመልን ይኸው አትናቴዎስ ነው።)

ሁለቱም ትክክል ነበሩ እላለሁ። የመቃርስ ዝምታ የጎዳው መቃርስን ብቻ ነው፤ ልጅቱን እንዲያውም መገባት። አትናቴዎስ ዝም ቢል ኖሮ ግን የእስክንድርያ ምእመን ያለ እረኛ ይቀር ነበር። ዕዳውን የሚከፍለው ማነው? እኔ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው ጻድቅ የሆንኩት። ትሕትናዬን የከፈሉልኝ በደመወዛቸው ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው።

መናገርም የራሱ ፈተና አለው። ራሱን የሚከላከል ሰው ምላሱ ቶሎ ወደ ሌላው ይሄዳል። እኔም «በላሃት» ያለኝን ልጅ ስም ለመጥራት ከንፈሬ ደርሶ ነበር፤ የማውቀው ግን ቅዳሜንና እሑድን እንጂ እሱን አልነበረም። ስለዚህ ለፕሮክተሩ ቀኖቹንና የቁልፉን ነገር ብቻ ተናግሬ አቆምኩ። መናገር ነጻ ያወጣል ብዬም አልዋሽም፤ አትናቴዎስ ራሱ ያን ሁሉ አስረድቶ ተፈርዶበታል፣ ወደ ትሪየርም ተግዟል። እኔንም ፕሮክተሩ «እስካሁን የት ነበርክ?» አሉኝ። የክፍል ጓደኞቼም ዘግይቼ መናገሬን የሌባ ዘዴ አድርገው ቆጠሩት። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኚያ እናት ወደ ፎቃችን አልተመለሱም። አንዳንዴ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። ድሮ «ደህና አደርክ ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አሁን «ደህና» ብቻ ይሉና መጥረጊያቸውን ይዘው ያልፋሉ።