ስለ ድድ ሕመም ደረጃዎችና ስለ መፋቂያ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ሰውን አሳምሮ ለፈጠረው ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ሆይ! አላህ ይዘንልህና ይህን እወቅ፤ አካልህ አማና ነው፥ አፍህም ቁርኣን የምትቀራበት በር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መፋቂያ አፍን እንደሚያነጻና ጌታን እንደሚያስደስት አስተምረዋል። በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ እንኳ እናታችን ዓኢሻ መፋቂያውን አለስልሰው ሰጥተዋቸው ፍቀዋል። እንግዲህ በሞት አፋፍ ያልተተወውን ነገር ጤነኛ ሆነህ ስለምን ትተወዋለህ?

የድድ ሕመም በአንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ በደረጃ ይገባል። ደረጃዎቹም እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ስፍራ በጀርም የተሞላ ቀጭን ልባስ ይቀመጣል። ካልተጠረገ ድድ ያብጣል፥ ይቀላል፥ በተነካም ጊዜ ይደማል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው ይዘነጋዋል። በ1965 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር ሐራልድ ሎ የተባሉ ሊቅና ጓደኞቻቸው ባወጡት ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ተዉ፤ ከ10 እስከ 21 ባለው ቀን ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት በጀመሩ ጊዜ ግን ዳነ። ከዚህ ደረጃ ፈጽሞ መመለስ ይቻላል።

2ኛ፤ ልባሱ ደድሮ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ይህን መፋቂያ አያነሣውም፤ የጥርስ ሐኪም በመሣሪያ ያነሣዋል እንጂ።

3ኛ፤ ድድ ከጥርስ ተለይቶ ኪስ ይፈጥራል፥ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ይበላል። ጎርፍ አፈሩን የሸረሸረበትን የዛፍ ሥር አስብ! ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሐኪሞች ይህን ሕመም ራሱን በአራት ይከፍሉታል። ድድ ከጥርስ የለቀቀው በመጀመሪያው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር፥ በሁለተኛው 3 ወይም 4፥ በሦስተኛው 5 እና ከዚያ በላይ ነው። በአራተኛው ጥርሶች ይነቃነቃሉ፥ ብዙዎቹ ይወልቃሉ፥ ማኘክም ይቸግራል። የተበላው አጥንት በራሱ አይመለስም፤ ሕክምና ግን ጥፋቱን ያቆመዋል። የስኳር በሽታና ትምባሆ ሕመሙን ያፋጥናሉ።

በሰሜኑ ደጋ አገራችን ለውበትም፥ ለድድ መድኃኒት ይሆናል በማለትም ድድን መነቀስ የቆየ ልማድ ነው። ንቅሳት በሸሪዓችን የተከለከለ ነው፤ ያልጸዳ መርፌም በሽታ ያስተላልፋል። ከዚህም በላይ የጠቆረ ድድ መቅላቱን ይሸሽጋል። ቀድሞ የተነቀሰች እኅታችን አትዘን፤ ነገር ግን ቀለሙን ሳይሆን መድማቱን ትጠባበቅ። ትምባሆ የሚያጨስም ሰው ድዱ ታሞ ሳለ ጥቂት ብቻ ሊደማ ይችላልና አለመድማቱ አያታልለው።

አንባቢ ሆይ! ደም ባየህ ጊዜ ብዙዎች እንደሚያደርጉት መፋቅን አትተው። ደሙ የሚጠራህ ወደ ማጽዳት ነው። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያህን ጫፉን አኝከህ እንደ ብሩሽ አለስልሰው፤ ደረቅ ጫፍ ድድን ይወጋልና። ከድድ ወደ ጥርስ በዝግታ ሳበው፥ የውስጡንም ወገን አትርሳ። በጥርሶች መካከል ግን መፋቂያ አይደርስምና በዚያ ያለውን በክር አውጣ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርገህ መድማቱ ካልቆመ፥ ወይም ጥርስህ ከተነቃነቀ፥ ወደ ሐኪም ሂድ። ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር ለገበያ ከምትሄድባቸው ቀኖች አንዱን ለዚህ አውለው። መታከም አላህን ከመመካት አያወጣም። ኀጢአትም እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ሳለ በተውበት ይጠረጋል፥ ሲደድር ግን ልብን ይበላል።

አላህ አፋችንንም ልባችንንም ያንጻልን። አሚን።