የረግረጉን አድራሻ ለማን ልንገር?

ብርቅዬ ነገር ያገኘ ሰው ቦታውን የመናገር ግዴታ አለበት ወይስ ዝም የማለት? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ በተለይ የተገኘው ነገር ከገለባ ስባሪ የማይከብድ ፍጥረት ሲሆን። እኔ ግን በኮልፌ ቀራኒዮ ዳርቻ፣ ከቤቶቹ ጀርባ በተረፉት ጨፌዎች ካሜራ ይዤ መንበርከክ ከጀመርኩ ወዲህ ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ አልቻልኩም።

የማወራው ስለ ቀጭኗ የውሃ ተርብ ነው። ትልቋን ሁላችንም እናውቃታለን፤ ስታርፍ ክንፎቿን እንደ አውሮፕላን ትዘረጋለች። ቀጭኗ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክንፎቿን ጀርባዋ ላይ ትሰበስባለች፤ አካሏም እንደ ስንጥር ነው። የሩቅ ዘመዶቿ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይበሩ ነበር። እሷ ራሷ ግን ልጅነቷን ውሃ ውስጥ እያደነች ትጨርስና ክንፍ አውጥታ የምትታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉ፤ አንዷ እንዲያውም አገራችንን በሳይንሳዊ ስሟ ይዛለች፦ ኢሽኑራ አቢሲኒካ።

«ዝም በል» የሚለው ወገን ጠንካራ ክርክር አለው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው የሳሩን ወይም የቄጠማውን ግንድ ወግታ ውስጡ ነው። ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት ስል የምረግጠው ቄጠማ ዝም ብሎ ሳር አይደለም፤ የመጪው ዓመት ትውልድ ሊሆን ይችላል። እኔ ብቻዬን ስረግጠው አንድ ነገር ነው። ቦታውን ከነካርታው ቲክቶክ ላይ ብለጥፈውና ሃምሳ ሰው ቢመጣስ? የፎቶው ውበት ራሱ የቦታው ጠላት ይሆናል ማለት ነው።

ዝምታም ግን ንጹሕ አይደለም። በከተማ ቋንቋ ረግረግ «ባዶ ቦታ» ነው። ባዶ ከተባለ ደግሞ አፈር ይደፋበታል፣ ይደለደላል፣ ይታጠራል። ጥፋተኛ የሚባልም አይኖርም፤ እዚያ ምን እንደነበረ ማን አወቀና! ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ያላየነው ፍጥረትም ሲጠፋ አናለቅስለትም። እንደ ፈረንጆች ከ1964 ጀምሮ ያለው የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብም ቢሆን አንድ ዝርያ ምን ያህል አደጋ ላይ እንዳለ ሲመዝን የት የት እንደታየ ይጠይቃል። ቀንና ቦታ ያለው ፎቶ ማስረጃ ነው። ስልኬ ውስጥ የደበቅኩት ፎቶ ግን የእኔ ጌጥ ብቻ ነው።

ኢናቹራሊስት የተባለው መድረክ መሃል መንገድ ይዟል፤ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ ሳያሳይ በብዙ ኪሎ ሜትሮች ያደበዝዘዋል። ጥሩ ዘዴ ነው። «ለማን ልንገር?» የሚለውን ግን አይመልስልኝም።

ለእንቁጣጣሽ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት የሚመጣ መሰላችሁ? ከእንዲህ ዓይነት ጨፌ ነው። አንዲት ቄጠማ የሚያጭዱ እናት ስክሪኔን ሳሳያቸው ሳቁ። «ውሃው ሲበላሽ እነዚህ አይመጡም እኮ ልጄ» አሉኝ። ትንሹ አቃቂ ከተማውን ሲያቋርጥ እንዴት እንደሚጠቁር የምናውቅ ሰዎች ይህ አይገርመንም። በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የወንዝን ጤና የሚለኩት በየቦታው በሚያገኟቸው የውሃ ተርብ ዝርያዎች ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ተገለበጠብኝ። እኔ «ሚስጥር» የምለው ነገር ለእሳቸው ሚስጥር ሆኖ አያውቅም። «እሳቸውም እኮ እንቁላሉ ያለበትን ግንድ ያጭዳሉ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን እሳቸው ሥሩን ትተው ይሄዳሉ፣ በዓመቱ ይመለሳሉ፤ ጨፌው ካልኖረ ገበያቸውም አይኖርም። አፈር የሚደፋው ግን የሚመለስበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ መለኪያዬ ይሄ ነው፦ ቦታው ቢጠፋ ማን ይጎዳል? አድራሻው ቅድሚያ የሚገባው ለዚያ ሰው ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሊጠይቅለት ለሚችል። ፎቶውን እለጥፋለሁ፣ ካርታውን አልለጥፍም። ለሰፈሩ ሰው፣ ለተመራማሪውና ለወረዳው ግን ነጥቡን ሳልደብቅ እሰጣለሁ። እንዳይረገጥ ብዬ ብደብቀው ጥበቃ ነው፤ ፎቶው የእኔ ብቻ እንዲሆን ብዬ ብደብቀው ግን ስስት ነው፤ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው።

ወረዳው ይሰማል? ላይሰማ ይችላል። ከነገርኩት በኋላ ግን «ባዶ ቦታ ነበር» ማለት አይችልም።