የውበቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

ክረምቱ ሲወጣ ስልኮቻችን ላይ አንድ ዓይነት ዝርዝር መዘዋወር ይጀምራል፦ «በዚህ ወቅት ሊጎበኙ የሚገባቸው ቦታዎች»። ባሕር ዳር ሁሌም ከላይ ናት። ጣና፣ የደሴቶቹ ገዳማት፣ የመንገድ ዳር ዘንባባው፣ ከዚያ ጢስ ዓባይ። ወቅቱም ቢሆን በደንብ ተመርጧል። በኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው፤ ብዙዎቻችን በልማድ ጸደይ የምንለው። ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ወንዙ ሙሉ ነው። ልሂድ ያለ ሰው አይፈረድበትም።

ዝርዝሩ የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ግን አለ። ይሄ ውበት እንዲህ ሆኖ እንዲቆይ እየከፈለ ያለው ማነው?

ጢስ ዓባይን እንውሰድ። ፏፏቴው የሚያጨሰው ውኃ ሲያገኝ ነው፤ ያንኑ ውኃ ደግሞ ተርባይንም ይፈልገዋል። በ1950ዎቹ እዚያው አጠገቡ ትንሽ የኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛውና ትልቁ፣ 70 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው፣ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ በበጋ የሄደ ጎብኚ ከቋጥኙ ላይ የሚወርድ ቀጭን ውኃ አይቶ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ሥራ ጀመረ።

«አበላሹት» እንላለን። የምንለው ግን ከዚያው መስመር ቻርጅ ባደረግነው ስልክ ነው። ፏፏቴውንም መብራቱንም መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ፏፏቴው ያለ ዋጋ እንደሚገኝ አድርጎ ማውራት ግን እውነት አይደለም።

ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። «ነጻ» ከሚባል አፕ ጀርባ የሰርቨር ሂሳብ የሚከፍል አንድ አካል አለ። ተጠቃሚው ሂሳቡ እሱ ጋ ስለማይደርስ ብቻ ነጻ ይመስለዋል። መልክዓ ምድርም እንደዚሁ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም የማይገባ አንድ ቦታ ልጥቀስ። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አቅራቢያ፣ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ አሁን የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲሉ አስታ፣ ከዚያ በላይ ጅብራ። ጭላዳ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮም አለ። ለፎቶ ከጣና አያንስም።

እኛ «ምርጥ ወቅት» የምንለው ግን እዚያ ገብሱ የሚደርስበት ወቅት ነው። ጭላዳውም ይሄን ያውቃል። ገበሬው ቤተሰቡን አሰልፎ ማሳ ሲጠብቅ ይውላል። ነብር ወይም ጅብ በግ ሲወስድበትም ኪሳራው የራሱ ነው። አባቶቹ እንጨት የለቀሙበትና ከብት ያሰማሩበት ጫካ ደግሞ አሁን ክልክል ነው። እኛ አንዴ የመኪና ከፍለን እንመለሳለን፤ እሱ በየቀኑ ይከፍላል።

«ጫካው ለሱም ይጠቅመዋል እኮ፤ ምንጩን ይጠብቅለታል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ግን ወደ ዓባይ ወርዶ እስከ ግብፅ ይሄዳል። ጥቅሙ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ይከፋፈላል፣ ወጪው ግን እዚያው ጥቂት ቀበሌዎች ላይ ይቀራል። ይሄ ነው ፍትሕ የጎደለው።

ሌላው ደሞ በተቃራኒው ይመጣል፦ «ለገበሬ ውበት ምኑ ነው? ቅንጦት ነው በቃ፤ እንጨቱን ይቁረጥበት።» ይሄኛው ይባስ ንቀት ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። ለአገሩ መልክ ዜማ ያወጣ ሕዝብ ተራራ ሲያይ ገብስ ብቻ ነው የሚታየው ማለት ያስቸግራል። ያያል፤ ከኛም አስቀድሞ አይቶታል። ልዩነታችን ማየቱ ላይ ሳይሆን ሂሳቡ ላይ ነው።

ስለዚህ አትሂዱ አልልም። ስንሄድ ግን ባለ ዕዳ ሆነን እንሂድ። አይተን ከመሮጥ ከተማው ውስጥ ማደር፣ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጎ መያዝ፣ የሚጠይቀውን ሃምሳ ብር አለመከራከር ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ክፍያ ነው። ትልቁ ክፍያ ሌላ ነው። «ጫካው ይጠበቅ» ብለን ስንጽፍ በዚያው ዓረፍተ ነገር «የተበላው ገብስም ይካስ» ማለት። ሁለተኛውን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠይቅ ሰው በሌላ ሰው ኪስ እየለገሰ ነው።

አሁን ደግሞ በክልሉ ብዙ መንገድ በጦርነቱ ምክንያት እንደልብ አይኬድበትም። ሳንሄድ ቀርተናልና ዕዳው የለብንም ማለት ግን አይቻልም። ጎብኚ ቢቀርም ጭላዳው አይቀርም፤ ማሳ ጠባቂውም ዛሬ እዚያው ነው።