መጻጉዕ ሰው አልነበረውም

«አባቴ፣ ሲጋራ ኃጢአት ነው?» ይሉኛል። የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ እስኪበተን ይጠብቃሉ፤ መስቀል ለመሳለም ሲቀርቡም ሽታው እንዳይሸተኝ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። በንስሐ የሰማሁት ከእኔ ጋር ወደ መቃብር የሚወርድ ነውና እዚህ አላነሣውም። የምጽፈው በደጀ ሰላምና በዝክር ቤት በግልጽ የተነገረኝን፣ በዓይኔም ያየሁትን ነው።

አያቴ ብትሆን ለመልሱ አትቸገርም ነበር። ትምባሆ የመናፍቁ የአርዮስ አንጀት በተዘረገፈበት ቦታ የበቀለ ቅጠል ነው ትለን ነበር። አገር ቤት ያደገ ብዙ ሰው ይህን ሰምቷል። ነገር ግን እውነት አይደለም። አርዮስ የሞተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ336 ነው። ትምባሆ ደግሞ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በእኛ በኩል ያለው ዓለም አያውቀውም ነበር። ስለዚህ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሙ የለም፤ በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት አላወገዙትም፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው ፍትሐ ነገሥትም አያነሣውም። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው ምእመናን አሉ። እኔ ግን ለእውነት ተረትን ምርኩዝ ባናደርግላት እመርጣለሁ። ዛሬ ወጣቱ በስልኩ ፈልጎ ተረት መሆኑን ይደርስበታል፤ የዚያን ቀን ተረቱን ብቻ ለይቶ አይጥልም፣ ሌላውንም ምክራችንን አብሮ ይጥለዋል።

ማስፈራራቱም ተሞክሯል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ተጽፏል። ትምባሆው አልጠፋም። በኋላ ዘመን መንግሥት ራሱ በሞኖፖል ይዞ ሸጠው፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ ከመንግሥት የትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህን ቁጥር ሳነብ ስለ ነጻ ፈቃድ የተማርኩትን ሁሉ እንደገና ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለሕንፃና ለማሽን ብቻ አይደለም። ዛሬ ከሱቅ በደረቴ አንድ ፍሬ የገዛ ልጅ ነገም፣ ከነገ ወዲያም ተመልሶ እንደሚመጣ ስለታመነ ነው። ልጁን ስትጠይቁት «በፈቃዴ ነው የማጨሰው፣ ስፈልግ እተወዋለሁ» ይላል። ገዢዎቹ ግን የከፈሉት እንደማይተወው አስበው ነው።

«ኃጢአት ነው ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ አለኝ፤ አዎ፣ እግዚአብሔር የሰጠንን ሥጋ እያወቁ ማጥፋት ኃጢአት ነው። ይህ መልስ ግን አንድም ሰው ሲጋራ ሲያስጥለው አላየሁም። ጠያቂው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በሰባተኛው ምዕራፍ፣ መልካሙን እየወደደ የሚጠላውን ስለሚያደርግ ሰው ይናገራል። ሐኪሞች የዚያን ሰው ሥጋ ገልጠው ያሳዩን ይመስለኛል። የተሳበው ጭስ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ይለምደውና ሲቀርበት ይታወካል። ጠዋት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲጋራውን የሚለኩስ ሰው «ያረጋጋኛል» ሲል አይዋሽም። ግን የሚያረጋጋው ሲጋራው ራሱ ሌሊቱን ሙሉ በመቅረቱ ያመጣበትን ሁከት ነው።

ታዲያ ፈቃዱ ጨርሶ ሞቷል ማለት ነው? አልሞተም። ይህን የምለው በስቅለት ዕለት ስላየሁት ነው። አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር አለ፤ ተሳቢ ይነዳል፤ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። በመንገድ ላይ ከሚሌ እስከ ጋላፊ ሲጋራው ከእጁ አይወርድም፤ ጫት ካለ ደግሞ ፓኮው ሳይመሽ ያልቃል። «አንድ ሰዓት መቆየት አልችልም» ይለኛል። እርሱው በስቅለት ከማለዳ ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ሲሰግድ ውሎ ማታ ይሰናበታል። ሲጋራ አላጨሰም፤ ያን ያህልም አላስታወሰውም። ሳያጨሱ 12 ሰዓት ያህል ሲሞላ በደም ውስጥ የተጠራቀመው የጭሱ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት፣ ወደ ጤናማው መጠን ይወርዳል። ሳያውቀው ደሙ ጠርቶለት ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ ግባት እንዲሁ ይውላሉ። አልችልም የሚለው ሰው ችሎ ውሏል። የቻለው ግን ብቻውን አይደለም፤ ግራና ቀኙ የሚሰግድ ሕዝብ ነበር፤ ቀኑም ከራሱ የሚበልጥ ስም ነበረው።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው ላይ የቆየውን ድውይ ጌታ አስቀድሞ የጠየቀው መዳን ይወድ እንደሆነ ነው። በሽተኛን መዳን ትወዳለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ለምን አስፈለገ? አጫሽ ወዳጅ ያለው ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ድውዩ ግን እወዳለሁ ወይም አልወድም አላለም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ለፈቃድ ጥያቄ የመለሰው የሰው እጦትን ነው። እኔ ለዓመታት ይህን የመስበክ ዕድል ነበረኝ፤ በነጠላ የተሸፈኑትን አፎች ሳይ ነው የበራልኝ። ሰውየው ሱሱን ከእኛ ስለሚደብቅ ሰው የለውም፤ የሚደብቀውም ስለምንጠየፈው ነው።

የጾሙ ሳምንታት ለዚህ ሥራ የተሰፉ ይመስላሉ። ሲጋራ የመተው ሕመም የሚብሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ቁጣ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ይኖራል። ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በሦስትና አራት ሳምንት አብዛኛው ያልፋል። ሲጋራውን ሁዳዴ በገባበት ሰኞ የጣለ ሰው መጻጉዕ ላይ ሲደርስ ሦስት ሳምንት ሞልቶታል። ከፊቱ ገና ከአንድ ወር በላይ ጾም አለ። ይህን ስል ግን ሐኪምን ትቶ በጾም ብቻ ይዳን ማለቴ አይደለም። ኒኮቲንን በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አለ፤ እርሱን መጠቀም የእምነት ማነስ አይደለም።

«አሁንማ ረፈደብኝ» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሪቻርድ ዶል የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1951 ጀምሮ ከ34 ሺህ በላይ ወንድ ሐኪሞችን ተከታትሎ ነበር። በ2004 ያወጡት ውጤት እንዳሳየው፣ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ሰው በአማካይ አሥር ዓመት ያህል ዕድሜ ያጣል። በ30 ዓመቱ ያቆመ አሥሩንም፣ በ40 ያቆመ ዘጠኙን፣ በ50 ያቆመ ስድስቱን፣ በ60 ያቆመ ሦስቱን ያተርፋል። በወይኑ ቦታ ምሳሌ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡት ሠራተኞች እኩል ዲናር ተቀብለዋል። ሥጋ እንደ ባለ ወይኑ ቸር አይደለም፤ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣውን ግን ባዶ እጁን አይመልስም። ሦስት ዓመት ማለት የልጅ ልጅ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ሦስት ፋሲካ ነው።

ሹፌሩን የነካው ግን የዕድሜው ነገር አይደለም። ረዳቱ ልጅ እግር ነው፤ ጋቢናው ውስጥ አብሮት ይውላል፣ አብሮት ያድራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳያጨሱ የሌላ ሰው ጭስ ስለሚተነፍሱ ብቻ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል። ይህን ስነግረው ዝም አለ። «እኔስ በገንዘቤ ገዝቼ ነው የምሞት፤ እሱ ምን ዕዳ አለበት?» አለኝ። እኔ ከማስተምረው ይልቅ ይህ ቃሉ ይበልጣል። ለራሱ የማይራራ ሰው ለሌላው ሲል ሊነሣ እንደሚችል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለመተው ተነሥቶ «ብወድቅስ አባቴ?» ሲለኝ አዲስ ቀኖና እንደማልጭንበት ነገርኩት። የምጠይቀው የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ሆኖ እንደለኮሰ ነው፤ እርሱን አውቀን መንገዱን እንቀይራለን። ሻይ ቤት ቀየረ፤ ጫቱንም አብሮ መተው እንዳለበት ራሱ ደረሰበት። አምሮቱ ሲነሣ ደቂቃዎች ቆይቶ ስለሚያልፍ፣ በዚያች ሰዓት ስልክ እንዲደውል ተስማማን። አንድ ሌሊት ከሚሌ ደወለ። ስለ ሲጋራ አንድም ነገር አላነሣንም። ስለ ጎማ ዋጋ ነገረኝ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ጠየቅሁት፤ ከፊቱ የቆሙት መኪኖች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ «በሉ አባቴ፣ ተራዬ ደረሰ» ብሎ ዘጋው።