የመመዝገቢያ ገንዘብ ሽልማት ሲሆን

ተሳታፊው ከኪሱ እያወጣ በሚወዳደርበት የአማተር ስፖርት ለአሸናፊው የሚሰጠው ገንዘብ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከተወዳዳሪዎቹ መመዝገቢያ ነው፤ በመሆኑም አንዱ የሚወስደው ሌሎቹ ያጡትን ነው። ይህ አሠራር ከቁማር በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል።

ጥያቄው ጎልቶ ከሚታይባቸው ውድድሮች አንዱ ድራግ ሬስ ነው፤ ይኸውም ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ በተለመደው ልክ 402 ሜትር ያህል፣ የሚሽቀዳደሙበት ነው። አማተሮች በብዛት በሚሳተፉበትና ብራኬት በሚባለው ዓይነት ሹፌሩ መንገዱን በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ገምቶ በመኪናው መስታወት ላይ ይጽፋል፤ ቀርፋፋው በልዩነቱ መጠን ቀድሞ ይለቀቃል፤ ከጻፈው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ይሸነፋል። ደንቡ የተሠራው ባለ ውድ ሞተሩ በገንዘቡ ብቻ እንዳያሸንፍ ቢሆንም፣ ጎማው፣ ነዳጁ፣ ካምቢዮውና መኪናውን ጭኖ ማመላለሱ የሚያስወጡት ገንዘብ ሽልማቱን በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። በመጀመሪያው ዙር የወደቀውም በብዙ ቦታ ሌላ ገንዘብ ከፍሎ እንደገና መግባት ይፈቀድለታል፤ የቁማር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ልማድ ሳይነገረው ያውቀዋል።

በእስልምና የሕግ ትምህርት፣ ፊቅህ በሚባለው፣ ሽልማት ያለበትን ውድድር በግመል፣ በፈረስና በቀስት የሚወስን ሐዲስ አለ። ገንዘቡን ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ ያለ ሰው ከሰጠ ነገሩ አያስቸግርም፤ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ሲያስይዙ ግን ብዙዎቹ ፈቃጆች ምንም ሳያስይዝ ማሸነፍ የሚችል ሦስተኛ ሰው፣ ሙሐሊል ማለትም ነገሩን ሐላል የሚያደርግ፣ እንዲገባ ጠየቁ። በ1350 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢብን አልቀይም ስለ ፈረሰኝነት በጻፈው መጽሐፍ የሦስተኛው ሰው መግባት በሁለቱ መካከል ያለውን ስጋት እንደማያስቀር ተከራክሯል፤ ክርክሩም የሚረታ አይመስልም። በክርስትና በኩል፣ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ399 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የፈረስ ውድድርን አጥብቆ ቢወቅስም፣ ወቀሳው ያተኮረው በስቅለት ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ ወደ ሜዳው በሄደው ተመልካች እንጂ በሽልማቱ ምንጭ ላይ አልነበረም።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚገኘው ድራግ ሬስ ከማይታሰብበት ስፍራ፣ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱባት መርካቶ፣ ጆንያ በተደረደረበት እህል በረንዳ ነው። የነጋዴ ዕቁብም መዋጮ ነው፤ ጠቅላላውን በአንድ ጊዜ የሚወስደው አንድ ሰው ነው፤ የሚለየውም ዕጣ ነው። ዳኛው ባለበት ከተጠቀለሉት ወረቀቶች አንዱ ይነሣል፤ ዕጣው የወጣለት ዋስ ካልጠራ ብሩን አይረከብም፤ ጤፍ ለማስጫን የቸኮለው ደግሞ የደረሰውን ሰው ዕጣ ጭማሪ ከፍሎ ይገዛል (ይህ ሽያጭ ከወለድ ጋር ያለው ዝምድና ራሱን የቻለ ክርክር ነው)። ይሁን እንጂ እዚህ ዕጣ የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም የጣለውን ያህል ወስዷል። በመኪናው ውድድር ግን ችሎታ የሚወስነው የገንዘቡን ባለቤትነት ነው። እንግዲህ ቁማርን በዕድልና በችሎታ ብቻ ለመለየት የሚሞክር ትንታኔ ዕቁብን ኮንኖ ውድድሩን ነጻ ሊያወጣ ነው፤ ይህም የነገሩ ግልባጭ ነው። መታየት ያለበት የተሸነፈው ሰው በከፈለው ገንዘብ ምን እንዳገኘ ነው።

ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ሕዝቡ ከፍሎ ካናቴራ ለብሶ ሲሮጥ ሽልማት እንደማይደርሰው ያውቃል፤ የከፈለው ለሩጫው ነውና ቁማርተኛ የሚለው የለም። የድራግ ሬስ መመዝገቢያም ለመንገዱ፣ ለሰዓት መለኪያውና ለአምቡላንሱ የሚውለው ክፍል ከዚህ አይለይም፤ የሚያከራክረው ወደ ሽልማቱ የሚገባው ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ደረሰኝ መጻፋቸው ጥያቄውን ሸፍኖታል። ለፍጻሜ የደረሱ ሁለት ሹፌሮች አስቀድመው ገንዘቡን ለመካፈል የሚስማሙበት ልማድም አለ፤ ከተስማሙ በኋላም ውድድሩን ስለማይተዉት የሚያሽቀዳድማቸው ገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ ይታያል። በስምምነቱ ውስጥ የሌሉት ገንዘቡን ያዋጡትና ቀድመው የወደቁት ናቸው።